አቅመ ደካማው ሽማግሌና የመድኃኒቱ መጠን

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ፣ ከአዋሽ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ መልካሳን ያገኛል። የዚህ ቦታ ስም በተማሪው ዘንድ የሚታወቀው በአብዛኛው በእርሻ ምርምር ማእከሉ ነው። የቦለቄና የበቆሎ ዘር፣ የቆላ ፍራፍሬ፣ ዝናብ ባጠረበት አገር የሚበቅል አዝርዕት ሲነሣ መልካሳ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ዛሬ ግን ልንናገርበት ያሰብነው ጉዳይ በማሳው ላይ ስለሚበቅለው ሳይሆን፣ ያንን ማሳ ሲያርሱና በአካባቢው ፋብሪካዎች ሲሠሩ ኖረው አሁን ምርኩዝ ስለ ያዙት ሰዎች ነው። ይልቁንም በየቤታቸው በመደርደሪያ ላይ፣ በመሶብ ሥር ወይም በመሐረብ ተቋጥሮ ስለሚገኘው የኪኒን ክምችት ነው።

ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር መሆንዋ የታወቀ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ከሕዝቡ ከመቶ አምስት ገደማ ቢሆኑ ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ የሚመስለው በመቶኛ ሲነገር ብቻ ነው፤ በሰው ሲቈጠር ከአምስት ሚሊዮን በላይ ነፍስ ነው። የጤና ጣቢያዎቻችን ሲቋቋሙና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲሠለጥኑ በመጀመሪያ የታሰበው ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት፣ ስለ ወባና ስለ ሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ይህም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ያ ሥራ ፍሬ ባፈራ መጠን ሰው ዕድሜ እየጠገበ መጣ። ዕድሜ የጠገበውም ሰው የደም ብዛት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የቁርጥማትና የጨጓራ መድኃኒት በአንድ ላይ የሚውጥ ሆነ። በአንድ በሽታ አንድ መድኃኒት ማዘዝን የተማረው የሕክምና ሥርዓት፣ አምስት በሽታ በአንድ ቀጭን ገላ ላይ ሲገናኙ ምን ማድረግ እንደሚገባው ገና በመማር ላይ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ቃል ማጥራት ያስፈልጋል። «አቅመ ደካማ» የሚለው አነጋገር በቀበሌ መዝገብ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ጧሪ የሌለውን፣ ቤቱ እንዲታደስለት ወይም እህል እንዲሰፈርለት የሚገባውን ችግረኛ ያመለክታል። ሐኪሞች በዚሁ ስም ሊጠሩት የሚችሉት ነገር ግን ሌላ ነው። ሀብታምም ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ በዙሪያው ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ ሰው አቅመ ደካማ የሚባለው የሰውነቱ መጠባበቂያ ኀይል አልቆ፣ ለሌላው ሰው ቀላል የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የሁለት ቀን ተቅማጥ ወይም አንድ አዲስ ኪኒን፣ አልጋ ላይ ሊጥለው የሚችል ሲሆን ነው።

እ. ኤ. አ. በ2001 ዓ.ም. ሊንዳ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን ድካም በአምስት ምልክቶች ለመለየት የሚያስችል መንገድ አሳተሙ። ምልክቶቹም ሰውየው ሳያስበው ክብደቱ መቀነሱ፣ ዘወትር የመዛል ስሜት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና እንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የተገኙበት አቅመ ደካማ ይባላል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ የተገኙበት ወደዚያው በማዘንበል ላይ ያለ ነው። ይህን ለማወቅ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሽማግሌው ሰላምታ ሲሰጡ እጃቸው እንዴት እንደሚጨብጥ፣ ከወንበር ሲነሡ በእጃቸው መደገፍ አለመደገፋቸውን፣ አምና ልክ የነበረው ኮት ዘንድሮ በትከሻቸው ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል ያየ የቤተ ሰብ አባል ግማሹን ምርመራ ጨርሶታል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ዕድሜና ድካም አንድ እንዳልሆኑ ልብ ማለት ይገባል። በአርሲ ደጋ ከሰማንያ ዓመት በኋላ በፈረስ ገበያ ወጥተው የሚመለሱ ሽማግሌ አሉ። በስድሳ አምስት ዓመታቸው ከአልጋ ወደ ደጅ ለመውጣት ሰው የሚያስፈልጋቸውም አሉ። የመድኃኒቱ ማዘዣ ግን «ዕድሜ» የሚል ቦታ እንጂ «ብርታት» የሚል ቦታ የለውም።

ጉዳዩን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው፣ መድኃኒት በደካማ ሰው ገላ ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ በወጣቱ ገላ ውስጥ ከሚያደርገው የተለየ ሆኖ እናገኘዋለን። የዋጥነው ኪኒን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በጉበት ተብላልቶ ወይም በኩላሊት ተጣርቶ ነው። ኩላሊት ደግሞ ከአርባ ዓመት ወዲህ በብዙ ሰው ላይ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ጉልበቱን ያጣል። ይህን ለመገመት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ እ. ኤ. አ. ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ አንድ ሒሳብ አለ። ሒሳብ የማይጠላ ተማሪ በወረቀት ላይ ሊሞክረው ይችላል። ከ140 ላይ የሰውየው ዕድሜ ይቀነሳል፤ ቀሪው በክብደቱ ይባዛል፤ የተገኘው ደግሞ በደም ምርመራ የታየው የክሬአቲኒን መጠን በ72 ተባዝቶ በሚሰጠው ቁጥር ይካፈላል። ለሴት ሲሆን ውጤቱ በ0.85 ይባዛል።

አሁን ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ደም ሰጥተው የሁለቱም ክሬአቲኒን 1 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ እንበል። የላቦራቶሪው ወረቀት ለሁለቱም «ደኅና ነው» ይላል። አንደኛው የ30 ዓመት ጐልማሳ ሲሆን ክብደቱ 65 ኪሎ ነው፤ ኩላሊቱ በደቂቃ 99 ሚሊ ሊትር ያህል ያጣራል። ሁለተኛው የ78 ዓመት ሽማግሌ ሲሆኑ ክብደታቸው 45 ኪሎ ነው፤ የእርሳቸው 39 ብቻ ነው። በእርሳቸው ዕድሜና ክብደት ያሉ አሮጊት ቢሆኑ ደግሞ ወደ 33 ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ዐይነት ወረቀት ላይ በተጻፈ አንድ ዐይነት ቁጥር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ኩላሊቶች ተደብቀዋል ማለት ነው። ምክንያቱም ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ያለቀ ሰው የሚያመነጨው ጥቂት ስለ ሆነ ኩላሊቱ ቢደክምም ቁጥሩ ከፍ አይልም። በሌላ አነጋገር ድካሙ ራሱ የድካሙን ምልክት ይሸፍነዋል። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ሁለት ነገር ብቻ ይበቃል፤ የደም ምርመራውና ሚዛኑ። ሚዛን በማንኛውም ጤና ጣቢያ አለ፤ ሕፃናቱ ይመዘኑበታል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ስንት ጊዜ እንደሚመዘኑ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከኩላሊቱ ሌላ የሰውነት ቅንብርም ይለወጣል። ጡንቻና ውሃ ይቀንሳሉ፤ በጠቅላላው ሲታይ የስቡ ድርሻ ይበልጣል። በስብ ውስጥ የሚሸሸጉ መድኃኒቶች በዚህ ምክንያት ከሰውነት ቶሎ አይወጡም። ለእንቅልፍ ወይም ለጭንቀት ተብሎ የሚሰጠው ዲያዜፓም በሃያ ዓመት ወጣት ደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ 20 ሰዓት ያህል ሲፈጅበት፣ በሰማንያ ዓመት ሰው ግን ወደ 90 ሰዓት እንደሚጠጋ እ. ኤ. አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ውስጥ ተመርምሮ ታውቋል። እንግዲህ ሰኞ ማታ የተዋጠው ሐሙስ ገና ግማሹን አልጨረሰም ማለት ነው። በየማታው አንድ ሲጨመርበት ሳምንቱ ሲያልቅ ሽማግሌው ቀን በቀን የሚያንቀላፉ፣ ነገር የሚረሱ፣ እግራቸው የሚተሳሰር ይሆናሉ። ቤተ ሰቡም «እርጅናው ባሰባቸው» ይላል እንጂ ኪኒኑን አይጠረጥርም።

ይህ እስካሁን የተናገርነው በየትኛውም አገር ላለ ሽማግሌ የሚሆን ነው። ስምጥ ሸለቆ ግን የራሱ የሆነ ነገር ጨምሮበታል።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ከየአገሩ ብዙ ሠራተኛ መጥቶ በአገዳው እርሻና በፋብሪካው ዙሪያ ሰፈረ። የሚጠጣው ውሃ ከጕድጓድ የሚቀዳ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ስለሚመጣ በብዙ ቦታ ለጤና ከሚገባው በላይ ሆኖ ይገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ውስጥ እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ድረስ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጕድጓድ ነበረ፤ አለም። በልጅነቱ ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ግን አጥንቱም ይጠቃል። አከርካሪው ይደርቃል፤ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል፤ ወገቡ ይጐብጣል፤ መገጣጠሚያው ሌት ተቀን ይጠዘጥዘዋል። በወንጂ ሸዋ ሠራተኞች ላይ ይህ በሽታ መታየቱ በሕክምና መጻሕፍት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያውያን ሊቃውንት መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ምርምር ስማቸው የታወቀ ነው። በኋላ ፍሎራይዱን ከውሃው የሚቀንስ መሣሪያ ተተክሏል፤ የጐበጠ ወገብ ግን ውሃ በመለወጡ አይቀናም።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለታሪክነቱ አይደለም። ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ማስታገሻ ይፈልጋል፤ ማስታገሻውም በቅርብ ይገኛል። ዲክሎፌናክ በኪኒንም ሆነ በመርፌ፣ አይቡፕሮፌንም እንዲሁ፣ ያለ ማዘዣ ሲገዛ የማያይ ሰው የለም። ሽማግሌው በዚያው ላይ የደም ብዛት ካለባቸው ኤናላፕሪልና ውሃ የሚያስወጣውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድን ከጤና ጣቢያው ይቀበላሉ። እነዚህ ሦስቱ፣ ማለት ማስታገሻው፣ ኤናላፕሪሉና የሽንት መድኃኒቱ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲታዩ የታወቁና የሚጠቅሙ መድኃኒቶች ናቸው። በአንድነት ሲዋጡ ግን ኩላሊትን በሦስት በኩል ያስጨንቃሉ። የሽንት መድኃኒቱ የሰውነቱን ውሃ ያጎድላል፤ ማስታገሻው ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ሥር ያጠባል፤ ኤናላፕሪሉ ደግሞ የሚያስወጣውን ሥር ያላላል። በዚህ ጊዜ የማጣሪያው ግፊት ይወድቃል። ብርቱ ሰው ይችለው ይሆናል፤ ማጣሪያው 39 የሆነበት ሽማግሌ ግን በሙቀት ወራት አንድ ቀን ተቅማጥ ቢይዛቸው ኩላሊታቸው ጨርሶ ሊቆም ይችላል።

ከዚህም የሚከፋው፣ ፍሎራይድን ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት መሆኑ ነው። ኩላሊቱ በደከመ መጠን አሁንም ከሚጠጣው ውሃ የሚገባው ፍሎራይድ በሰውነት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አጥንቱ ስላመመው የተወሰደው መድኃኒት አጥንቱን ያሳመመውን ነገር መውጫ ሊዘጋ ይችላል። ለእንደዚህ ያለው ሕመም በልክ የተወሰደ ፓራሲታሞል ለኩላሊት ይሻላል፤ ምንም እንኳ ብዙ ሰው «ይህ የራስ ምታት መድኃኒት ነው» ብሎ ቢንቀውም።

ስለ ሙቀቱም አንድ ነገር እንጨምር። መልካሳ ከባሕር ወለል በላይ 1550 ሜትር ያህል ላይ የሚገኝ የወይና ደጋና የቆላ ድንበር ነው፤ ከበልግ በፊት ያሉት ወራት ደረቅና ሞቃት ናቸው። በጥቅምት ቅዝቃዜ የተወሰነ የሽንት መድኃኒት መጠን በመጋቢት ሙቀት ሊበዛ ይችላል። በቅርብ ያለው የሶደሬ ፍል ውሃ ደግሞ ለቁርጥማት ፈዋሽ ነው ተብሎ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሽማግሌዎች ይመጡበታል። ፍል ውሃው ሕመም እንደሚያቀል አንክድም። ነገር ግን ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፤ የደም ብዛት መድኃኒትም የሚሠራው በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ጠዋት ኪኒናቸውን ውጠው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ግማሽ ሰዓት በፍል ውሃ የተቀመጡ አሮጊት ድንገት ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ቢጨልምና ቢወድቁ የሚያስገርም አይደለም። ወጣት ቢወድቅ ልብሱን አራግፎ ይነሣል። እርሳቸው ግን የዳሌ አጥንታቸው ቢሰበር ያ ቀን በእግራቸው የሄዱበት የመጨረሻ ቀን ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመከላከል የሚጠየቀው ዋጋ ሦስት ደቂቃ ነው። ሽማግሌው ጋደም ብለው ወይም ተቀምጠው ሳሉ የደም ግፊታቸው ይለካል፤ ከቆሙ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንደገና ይለካል። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መድኃኒቱን እንደገና መመርመር ያሻል። በተጨናነቀ ጤና ጣቢያ ግን በሽተኛው ተቀምጦ አንድ ጊዜ ተለክቶ ይሸኛል። ባለሙያውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ከበሩ ውጭ የቆመውን ሰልፍ ያየ ግን አይወቅሰውም።

ጾምም ሌላው የአገራችን ነገር ነው። በዚህ አካባቢ ክርስቲያኑም እስላሙም አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ፣ ሌላው በረመዳን እህል ሳይቀምስ የሚቆይበት ሰዓት አለው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መፍትሔ እንዳላቸው እየታወቀ፣ አጥብቀው የሚጾሙት ግን ይልቁንም ሽማግሌዎቹ ናቸው። ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት ሰው በላም አልበላም ቆሽቱ ኢንሱሊን እንዲያፈስ ያዝዘዋል። ኩላሊቱ በደከመ ሰው ውስጥ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን መድኃኒት ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ካመለከተ ዓመታት አልፈዋል። በእኛ አገር ግን ርካሽና የተለመደ በመሆኑ ለብዙ ሽማግሌ ሲሰጥ ኖሯል። ስኳሩ ድንገት የወረደበት ወጣት ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ይርበዋል፤ ስለዚህ ያውቀዋል። ደካማው ሽማግሌ ግን ዝም ብሎ ግራ ይጋባል፤ ይቀባዥራል፤ ወይም ይተኛል። በጾም ሰዓት ጸጥ ብለው የተቀመጡ አያት ደግሞ በጸሎት ላይ ያሉ ይመስላሉ።

ከባሕር ማዶ የሚመጣውንም መድኃኒት ሳናነሣ አናልፍም። በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር ልጅ ያለው ቤተ ሰብ በዓል ሲደርስ የሚቀበለው ሻንጣ ውስጥ አንድ ሁለት ጠርሙስ ኪኒን አይጠፋም። ፍቅር ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ታይሌኖልና ፓናዶል በስም እንጂ በውስጣቸው አንድ መሆናቸውን፣ ሁለቱም ፓራሲታሞል መሆናቸውን ስንቱ ያውቃል? አንዱን ለወገብ፣ አንዱን ለራስ እያሉ የሚውጡ እናት በቀን ከሚፈቀደው 4 ግራም ሳያስቡት ያልፋሉ፤ ለአርባ አምስት ኪሎ ሰው ደግሞ 4 ግራሙም ይበዛል። ይልቁንም «ፒ. ኤም.» የሚል ጽሕፈት ያለበት ታይሌኖል ዳይፈንሃይድራሚን የተባለ የሚያስተኛ መድኃኒት ተጨምሮበታል። ይህ መድኃኒት አፍ ያደርቃል፤ ሽንት ይይዛል፤ ሆድ ያደርቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሽማግሌን አእምሮ ያናውጣል። ማርክ ቢርስ የተባሉት ሐኪም እ. ኤ. አ. በ1991 ዓ.ም. ለሽማግሌዎች የማይገቡትን መድኃኒቶች ዝርዝር ካወጡ ወዲህ በየጊዜው እየታደሰ ይገኛል፤ ይህም መድኃኒት ከተከለከሉት አንዱ ነው። ልጁ የገዛው ግን ያለ ማዘዣ፣ ከሳሙናና ከጥርስ ብሩሽ አጠገብ ከተደረደረበት ነው።

መድኃኒት መድኃኒትን የሚወልድበትም መንገድ አለ። ለደም ብዛት አምሎዲፒን የተሰጣቸው ሽማግሌ ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል፤ ይህ ከመድኃኒቱ የታወቁ ጠባዮች አንዱ ነው። እብጠቱን ያየው ሌላ ባለሙያ የልብ ወይም የኩላሊት ነገር መስሎት ላሲክስ ይጨምራል። ላሲክሱ ሽንት ያበዛል፤ ከሰዓት በኋላ ከተዋጠ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ያስነሣል። በመልካሳና በአዳማ ዙሪያ በብዙ ቤት መጸዳጃው ያለው ከቤት ውጭ፣ ከግቢው ጥግ ነው። ሽማግሌው በጨለማ ደረጃውን ሲወርዱ ይወድቃሉ። የወደቁት እንግዲህ በምን ምክንያት ነው? መልሱን የሚፈልግ ሰው ወደ መጀመሪያው ኪኒን መመለስ አለበት፤ ያ ኪኒን ግን በሌላ ካርድ ላይ፣ በሌላ ጤና ተቋም የተጻፈ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ወጣት «እንግዲያስ የአያቴን መድኃኒት ሁሉ ልጣለው» እንዳይል እንፈራለን። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ጥፋት ነው። እ. ኤ. አ. በ2008 ዓ.ም. የታተመ ታላቅ ጥናት ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3845 የደም ብዛት ሕመምተኞችን ተመልክቶ፣ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል የሞቱት ካልወሰዱት ይልቅ ከመቶ 21 ያህል ማነሳቸውን፣ የልብ ድካምም እጅግ መቀነሱን አረጋግጧል። በኋላም ይኸው ጥናት እንደገና ሲመረመር ጥቅሙ ደካሞች ለሚባሉት ጭምር እንደ ሆነ ታይቷል። ልብ መባል ያለበት ግን የጥናቱ ሐኪሞች ግፊቱን ለማውረድ የፈለጉት እስከ 150 እንጂ እስከ 120 አልነበረም፤ መድኃኒቱንም የጀመሩት በትንሹ ነው። ስለዚህ «ሽማግሌ ነውና መድኃኒት ምን ያደርግለታል» የሚለው አነጋገር ሐሰት የመሆኑን ያህል፣ «ለሁሉም አንድ ልክ» የሚለውም ሐሰት ነው። አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ በድንገት ቢቋረጥ ራሱ አደጋ ያመጣል፤ ዲያዜፓምን ለዓመታት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ቢተወው ሊንቀጠቀጥና ሊወድቅ ይችላል። የሚቀነሰው አንድ በአንድ፣ በሳምንታት ልክ፣ ባዘዘው ወይም በሚከታተለው ባለሙያ እጅ ነው።

ወጣት ባለሥልጣኖች ይህን ጉዳይ የሐኪሞች ብቻ አድርገው እንዳይመለከቱት የምንሻበት ምክንያት አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ኦሮሚያ አንዱ ነበር። ዛሬ ወረዳው ውስጥ የመድኑን መዋጮ የሚሰበስበው፣ ከጤና ጣቢያ ጋር ሒሳብ የሚተሳሰበው፣ መድኃኒት ሲጠፋ አቤቱታ የሚሰማው ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ነው። መድኑ ለሽማግሌው ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ለኪኒን ብሎ በግ እንዳይሸጥ አድርጓል። ነገር ግን ሥርዓቱ ሒሳብ የሚይዘው በተሰጠው መድኃኒት እንጂ በተቀነሰው አይደለም። ሽማግሌውን አስቀምጦ የያዙትን ኪኒን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስዘርግፎ፣ ይህ ይቅር፣ ይህ በግማሽ ይሁን ብሎ ሃያ ደቂቃ ያጠፋ ባለሙያ፣ በሪፖርቱ ላይ አንድ በሽተኛ ብቻ ያየ ሰው ሆኖ ይጻፋል። በተጨማሪም ደካማው ከቤት መውጣት ስለማይችል ካርዱን ይዞ የሚሄደው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው፤ መድኃኒቱ ይታደሳል፤ ሽማግሌው ግን ከታዩ ወራት ያልፋሉ። በእነዚያ ወራት ስድስት ኪሎ ቀንሰው ቢሆን ማን ያውቃል?

በዚህ ረገድ ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። ሚዛንና የግፊት መለኪያ ይዞ የካርዱ ባለቤት ወዳሉበት ቤት በየሦስት ወሩ መግባት፣ ቁጥሩን በካርዱ ላይ መጻፍ፣ ማዘዣው ሲታደስ ያ ቁጥር እንዲታይ ማድረግ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ለዚህ የሚውል ነዳጅና ቀን በወረዳው በጀት ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህ ደግሞ የሐኪም ሳይሆን የባለሥልጣን ፊርማ ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ በመስኮቱ የሚነገረው ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ የሚያስቡትም የሚያልሙትም በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው «1×2» የሚለው ምልክት ለተማረ ሰው ግልጽ ነው፤ ያልተማሩ እናት ግን አንዱን ከሁለቱ ጋር ደምረው ሦስት ቢውጡ ስሕተቱ የእርሳቸው ነው ሊባል አይገባም። ዓይናቸው በሞራ ለተሸፈነባቸው ደግሞ ነጩ ክብ ኪኒንና ሌላው ነጭ ክብ ኪኒን አንድ ነው። በቤት ያለ ተማሪ የጠዋቱን በአንድ ዕቃ፣ የማታውን በሌላ ዕቃ ለይቶ፣ በትልቅ ጽሕፈት ወይም በፀሐይና በጨረቃ ሥዕል ቢያመለክት ከብዙ ምክር ይበልጣል። የአገር ባህል መድኃኒትም፣ ዳማከሴም ሆነ ሌላ ሥር ተቀምሞ የሚጠጣ፣ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊቀር አይገባም፤ አያት ለሐኪም ሊነግሩት የሚያፍሩት ይህንኑ ነውና በአክብሮት የሚጠይቃቸው ሰው ያስፈልጋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ. ኤ. አ. በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በመድኃኒት ምክንያት የሚደርሰውን ሊወገድ የሚችል ከባድ ጉዳት በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር፣ ትኩረት ይደረግባቸው ካላቸው ነገሮች አንዱ ብዙ መድኃኒት በአንድ ሰው ላይ መደራረቡ ነበር። አገራችንም የጎንዮሽ ጉዳትን ለመመዝገብ ከተቋቋመው የዓለም ማኅበር አባል ናት፤ በአገር ውስጥ ይህን የሚቀበለው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሽማግሌ ከኪኒን በኋላ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር በሆስፒታሉ መዝገብ የሚጻፈው «ወድቀው» ነው። ኪኒኑ በመዝገቡ ካልገባ ደግሞ በአዲስ አበባ የሚቀመጠው ባለሥልጣን ስለ መልካሳ ሽማግሌዎች ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም።

ድካሙን ራሱን በተመለከተ፣ በኪኒን የሚድን አይደለም። እስካሁን ጥቅማቸው የተሻለ ሆኖ የታየው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴና በቂ ፕሮቲን ያለበት ምግብ። ከወንበር በቀን አሥር ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ፣ ከግቢ እስከ ጎረቤት በምርኩዝ ደርሶ መመለስ በዚህ ይቈጠራል። ምግቡን በተመለከተ፣ ጥርሳቸው ያለቀባቸው ሽማግሌ ከሻይና ከዳቦ በቀር የማይቀምሱበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ ሥጋ ማኘክ አይችሉም፤ እንቁላሉም ለልጆቹ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ወዳነሣነው ማሳ መመለስ ይገባናል። የመልካሳ ምርምር ማእከል ያወጣቸው የቦለቄ ዘሮች በስፋት የሚታወቁት ወደ ውጭ በመላካቸው ነው። የፕሮቲኑ ዐይነት የተሻለ በቆሎም ከዚሁ ማእከል ወጥቷል። በደንብ ተቀቅሎ የተፈጨ ቦለቄ ጥርስ አይፈልግም፤ ገበያውም ቅርብ ነው። ኩላሊታቸው እጅግ የተጎዳ ሰዎች ግን የፕሮቲኑን ልክ ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር አለባቸው። ይህንንም ለማወቅ ቢሆን የሚያስፈልገው ያው የደም ምርመራና ያው ሚዛን ነው።